ንብ ጠያቂው ኡበይደላ

ኡበይደላ የመርሳ ሰው ነው። መርሳ ደግሞ ሙቀት ነው፤ ፓፓያና ማንጎ በየጓሮው የሚበቅልበት አገር። እኛ ያለነው ከወልድያ በላይ፣ የጋሸናው መንገድ እየተጠማዘዘ ከሚወጣበት ዳገት ራስ ላይ ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ታዲያ የማር ማኅበሩ ይህን የቆላ ሰው ቀጥሮ፣ የደጋውን ንብ ጤና እየጠየቀ እንዲመዘግብ ሲልክብን፣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ የሳቀችው እኔ ፋንቱ ነኝ። የለበሰው ጃኬት ለመርሳ እንኳ ስስ ነው። «ይሄ እንኳን ንብ ሊያድን፣ ራሱም ከዚህ ብርድ አይተርፍ» ብዬ ለጎረቤቴ ለዘነበች ነገርኳት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው። ዛሬ የማወራችሁ ያ ልጅ ሊተርፍ ነው አልተረፈም እያልን ነፍሳችን የተንጠለጠለበትን በጋ ነው።

ሥራው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ንባችን ያልቃል፤ የማን ቀፎ፣ የት የተቀመጠው፣ ምን ሆኖ እንዳለቀ ግን አጣርቶ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞረ የየቀፎውን ሁኔታ ቢጽፍ የደከመው ቀድሞ ይለያል፤ ብርዱ ሳይጨርሰውም ወደ ቆላ፣ ወደ ግራና ወይም ወደ ውርጌሳ ይወርድና እዚያ ሙቀት ውስጥ ይከርማል። የማኅበሩ ሐሳብ ይህ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚጠየቁት እኛ መሆናችን ነው።

እኛ ስለ ጤና ስንጠየቅ ምን እንደምንመልስ ታውቁታላችሁ። በሬ ሞቶም፣ ጣራ አፍስሶም፣ ወገብ ተቆርጦም «እንዴት ናችሁ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሌላ መልስ አላሳደጉንም። ገና ደጃፍ ለቆመ ሰው ክፉ ወሬ ይዞ መቀበል ነውር ነው፤ ይግባ፣ አረፍ ይበል፣ ቆሎ ይቆርጥም፣ ከዚያ በኋላ እንደምንም ይነገረዋል። ኡበይደላ ደግሞ ብዙ ቤት ስላለበት አይቀመጥም። በር ላይ ቆሞ «ንቦቹ እንዴት ናቸው?» ይላል። «ደህና ናቸው፣ ይመስገን» ይባላል። «ደህና» ብሎ ጽፎ ያልፋል።

የዘነበች ቀፎ እንዲህ ደህና፣ ደህና፣ ደህና ተብሎ ሲጻፍለት ከረመ። አንድ ቀን እስቲ ልየው ብሎ ክዳኑን ቢያነሳ ውስጡ ወና ነው። ሰሙን የሚበላው የሰም እራት ትል ድሩን አድርቶበታል፣ ጥጉ ላይ አይጥ ወልዳበታለች።

«እትዬ ዘነበች፣ ደህና ናቸው አላሉኝም?» አላት።

«ታዲያ በጠዋት መጥተህ ምን ልበልህ ልጄ?» አለችው፣ ከልቧ ተገርማ።

እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ከዘነበች ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና መሬት መሬት እያየ አሰበ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ «እንዴት ናቸው» የምትለዋን ነገር ጥሏት መጣ። «ዛሬ ጠዋት በራቸው ሥር ምን ወድቆ አገኛችሁ? ቀፎውን ከኋላው ቀና ስታደርጉት ከበደ ወይስ ቀለለ? ፀሐይ ሲነካቸው ወዲያው ወጡ ወይስ ዘገዩ? የክዳኑ ውስጥ ረጥቧል?» እንዲህ ተጠይቆ ማን ይዋሻል? ከበደ ወይስ ቀለለ ላለህ ሰው ይመስገን ብትለው አይሆንልህም። ሄደህ ማንሳት ነው። እንዲህ እያደረገ ሰፈሩን በሙሉ ንቡን ማየት አስተማረው።

ራሱም ከኛ ጋር ያይ ነበር። ቀፎው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ «አሰላሙ አለይኩም» ይላል ቀስ ብሎ። ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ በጣቱ መታ ያደርጋል። እም ብለው ወዲያው ዝም ካሉ ደህና ናቸው፤ እንደሚያለቅስ ሰው ሲያላዝኑ ከሰማ ግን ንግሥቲቱ፣ አውራዋ፣ የለችም።

«ሰላምታውን መለሱልህ?» እለዋለሁ።

«አንቱ ካልሰሙ ጆሮዎን ይታዩ እንጂ እነሱማ መልሰዋል» ይለኛል።

ባሌ ነፍሱን ይማረውና ሲሞት አንድ ቀፎ ነው የተወልኝ። የመጀመሪያው ዓመት ብርድ ላይ ኡበይደላ ከኋላው ቀና አደረገው። እንደገና አነሳው። «እትዬ፣ ይሄ ውስጡ ምንም ማር አልቀረውም። ዛሬውኑ ይውረድ» አለኝ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። የባሌ እጅ ያለበት ዕቃ ነዋ፤ ከቤቴ ከወጣ የሚመለስ አልመሰለኝም። አልተጨቃጨቀኝም። «እኔ ነኝ የምይዘው» ብቻ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንቦቹ ሲሰበሰቡ በሩን በጨርቅ ደፍኖ፣ በነጠላዬ ጠቅልሎ፣ ኢሱዙ ላይ ወጥቶ ጭኑ ላይ አቅፎት ወረደ። ግራና አንድ ዘመዱ ጓሮ አከረመው። በነሐሴ መጨረሻ፣ አደይ ሊፈነዳ ሲል፣ እንዲያው አቅፎ መለሰልኝ፤ ቀና ባደርገው የማይነሳ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ኡበይደላ ለኔ የማኅበር ሰው አይደለም። እሱ በሚመጣበት ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ መንገድ መንገድ ማየት ጀመርኩ።

በዓመቱ ነው ሳሉ የመጣው።

ኡበይደላ ዳገቱን ሲወጣ መንዙማ ያንጎራጉራል፤ ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ይቀድመዋል። በመስከረም እንደዚያ ነበር። ጥቅምት ላይ እንጉርጉሮው ቀርቶ ሳል ሆነ። ብርድ ነው አልኩ። የባሌን የበግ ጠጉር ባና ሰጠሁት፣ ጦስኝ አፍልቼ አጠጣሁት። ኅዳር ላይ ግማሽ መንገድ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጦ አየሁት፤ ኡበይደላ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ሲያስል ፊቱን ወደ ገደሉ ያዞርና መሐረብ አፉ ላይ ይይዛል፤ ከዚያ መሐረቧን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። የሰጠሁትን ጦስኝ ግማሹን ይተዋል። ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ።

«ልጄ፣ እንዴት ነህ?» እለዋለሁ።

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሰማችሁት? ያን ሁሉ ሰው ደህና አትበሉኝ እያለ ያሠለጠነ ልጅ፣ ራሱን ስጠይቀው ደህና። ተናደድኩ። አንድ ቀን በራሱ አጠያየቅ መጣሁበት። «ትናንት ማታ ምን በላህ? በላህ ወይስ ገፋኸው? ሌሊት ያልብሃል?» አልኩት።

«እኔ ቀፎ ነኝ እንዴ እትዬ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ዞረና አጎንብሶ ቀረ። ትከሻው በባናው ውስጥ ሲነቃነቅ አጥንቱን ቆጠርኩት። ይህ ልጅ ሊሞትብኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሚስት አለችው፣ ሉብና ትባላለች፤ ሁልጊዜ ስሟን ሲያነሳ ፈገግ ይላል። ያቺ ልጅ ምን ልትሆን ነው አልኩ። ያን ዕለት እህል አልበላ አለኝ።

ሂድ ታከም ብዬ ብነግረው ኢንሻአላህ ብሎኝ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጣ መደብ ላይ ተኝቼ ጠበቅሁት። ነጠላዬን እስከ አገጬ ስቤዋለሁ።

«እንዴት ነዎት እትዬ?» አለኝ ከደጅ።

«ደህና አይደለሁም» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። በኛ ሰፈር እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው ስለሌለ ልሞት የደረስኩ መስሎት ነው። መዝገቡን ጣለው። የት ጋ ነው የሚያምዎት ቢለኝ ደረቴን ያዝኩ፤ የሱን ደረት እያሰብኩ ስለነበር ብዙም አልዋሸሁም። ወዲያው ደግፎ አስነሳኝ። መንገዱ ድረስ ክንዴን ይዞ፣ እሱ እያሳለ እኔ እያቃሰትኩ ወረድን። መኪና ውስጥ ባናውን አውልቆ ለኔ ሊያለብሰኝ ሲል ልቅሶዬ ሊያመልጠኝ ነበር። ወልድያ ሐኪም ቤት ደረስን። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ልጅቱ «የታማሚ ስም?» አለች።

«ኡበይደላ» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። «እትዬ፣ የታመሙት አንቱ ነዎት እኮ።»

«እኔ ምን ሆንኩና» አልኩትና ነጠላዬን አስተካክዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሱ ግን ለቅጽበት ሊሮጥ ያሰበ መሰለኝ፤ እጅጌውን ጨብጬ ያዝኩት። ጥሎኝ የሚሄድ ልጅ አይደለም፤ ያንን ተማምኜ ነው የመጣሁት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «ምን ልርዳህ? ምን ያምሃል?» አለችው።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ጉንፋን ናት» አላት።

ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። «የኔ እናት፣ እሱን አትስሚው። በመስከረም መንዙማ እያለ ነበር ዳገት የሚወጣ። ጥቅምት ላይ ድምፁ ጠፋ። ኅዳር ላይ ከወይራው ሥር ተቀመጠ፤ አሁን ታኅሣሥ ወይራው ጋ ሳይደርስ ከታች ካለው አለት ላይ ነው የሚቀመጥ። መጀመሪያ ቆሎ ይቆረጥምልኝ ነበር፣ ከዚያ ኪሱ ጨምሮ ይወስድ ነበር፣ አሁን ኪሱ ውስጥ ያለፈው ሳምንት ቆሎ ነው ያለ። ቀበቶውን እዪው። መሐረቡን አምጣ በዪው፣ እኔ ስለው አይሰጠኝም። ጠዋት መጥቶ እንኳ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይርሳል፣ በዚያ ብርድ።»

ሐኪሟ ትጽፍ ነበር። ጨርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ ቀና አለችና «እናቱ ነዎት?» አለችኝ።

«አይደለሁም። ንቤን የሚጠይቅልኝ ሰው ነው» አልኳት።

ኡበይደላ መሬት መሬት እያየ ነበር። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ መሐረቧን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ደም ነበረባት።

አክታው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ አልደበቀችንም። ዘግይቷል፣ ሳንባው ተጎድቷል፤ ግን መድኃኒቱን ለወራት አንድ ቀን ሳያስተጓጉል ከዋጠ የመዳን ተስፋ አለው። ደጋ መውጣት የለም። ሚስቱም እኔም እንመርመር ተባልን። እኔ ነፃ ሆንኩ፤ ኋላ ሚስቱም ነፃ ሆነች።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የመድኃኒቱን ከረጢት ጭኑ ላይ አድርጎ «ፈርቼ ነው እትዬ» አለኝ። «አባቴ በዚሁ ነው የሞተው። ሲያስል እሰማው ነበር። ስሙን ካልጠራሁት የሌለ መስሎኝ ነው።»

«እኔስ ያልፈራሁ መሰለህ? ከቤቴ እስከዚህ ድረስ እየፈራሁ ነው የመጣሁ» አልኩት። ያን ጊዜ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ሰው ቢያየንስ ምን አለበት።

ብቻውን አልላክሁትም፤ ሚኒባስ ተሳፍሬ መርሳ ድረስ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት የሚነግር ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። መንገዱን ሙሉ በምን ቃል እንደምጀምርላት ሳዘጋጅ ነበር። ሉብና ከማንጎው ሥር ልብስ ታጥባለች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከረጢቱን አየች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ተመረመርክ?» አለችው።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«መሐረብህን ማን ያጥበዋል ብለህ ነው?» አለች። «እስክትነግረኝ ስጠብቅህ ነበር። ስጠይቅህ አልሐምዱሊላህ ትለኛለህ፤ አላህን አታመስግን ልበልህ?» ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ሳልናገረው ቀረ። ሁለቱ ሲያውቁ፣ ሁለቱ ሲፈሩ፣ ሁለቱም ደህና እየተባባሉ ነው የከረሙት።

የሱን ዙር እኔ ያዝኩት። መዝገቡን ተሸክሜ ቤት ለቤት፣ በራቸው ሥር ምን ወደቀ፣ ከበደ ወይስ ቀለለ እያልኩ። ዘነበች ሌላ የንብ መንጋ አስገብታ ነበር። «እንዴት ነሽ?» ስላት እንኳ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌሊት አላስተኛኝም» ማለት ጀምራለች፤ አመል ሆኖባታል። የንቦቹን ነገር ለኡበይደላ በስልክ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር፤ ሉብና ናት የምታነሳው። እሱ መድኃኒቱ ሆዱን እያገላበጠበት መናገር አይችልም። እኔም የምጠይቃት በሱ አጠያየቅ ነው።

«ዛሬ ምን በላ?»

«ሁለት ጉርሻ። እሱኑም መለሰው።»

«ደጃፍ ወጣ?»

«አልወጣም እትዬ። ሳነሳው ይቀለኛል።»

ሳነሳው ይቀለኛል ስትለኝ ስልኩን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ። ያን ቃል ከሷ አፍ መስማት አልፈለግሁም። ማታ ማታ እመቤቴን እለምናታለሁ። የመርሳ ልጅ ነው፣ ስሙ ኡበይደላ ነው፣ እንዳትሳሳቺ እላታለሁ።

የካቲት ላይ ስልኩ ጠፋ። ብደውል አይጠራም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አልኩ፤ ሳምንቱ አለቀ። ኔትወርክ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ከታች ሁለት ሰው አብሮ ዳገቱን ሲወጣ ባየሁ ቁጥር መርዶ ነጋሪ እየመሰለኝ ቤት ገብቼ በር እዘጋለሁ። ካልሰማሁት አልሆነም አልኩ፤ ኡበይደላ ያኔ «ስሙን ካልጠራሁት የሌለ መስሎኝ ነው» ያለኝ ገባኝ። እነሱ ረመዳን ይዘው ነበር፣ እኛም ዐቢይ ጾም ገብቶልናል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የካህኑን ቃል አልሰማውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሉብና ናት። «እትዬ» ብላ ጀመረችና ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ምሰሶውን ተደገፍኩ።

«ምን ሆነ? ንገሪኝ።»

«እትዬ፣ ወላሂ መጥተው አንድ ነገር ይበሉልኝ። ይሄ ሰውዬ መፈጠሬን አስጠላኝ።»

«ምን አደረገ?»

«ምን ያላደረገው አለ? ጠዋት ተነስቶ ጓሮ ለጓሮ ይዞራል፣ ዶሮዎቹን በደንብ አልያዝሽም ይለኛል። ስልኩን ልጠግነው ብሎ ፈታታው፤ ሳምንት ሙሉ ቁርጥራጩን ይዘን ተቀመጥን፣ ይሄው በስንት መከራ ዛሬ ተሠራ። አሁን ደግሞ ሾርባ ሠርቼ ባቀርብለት ጨው አነሰው ብሎ ገፋው። እኔ ፆመኛ ነኝ፣ ቀምሼ አልሠራ! ጨው ጨምሬ ብመልስለት ጨርሶ፣ ሌላ አስደግሞ በልቶ ሲያበቃ አሁን ደግሞ በዛበት አለኝ። ሁለት ሳህን እኮ ነው የበላው፣ እትዬ!»

መሳቅ ጀመርኩ። ላቆመው ብል አልቆም አለኝ። እንባዬ በአገጬ ይወርዳል፣ እኔ እስቃለሁ።

«ይስቁብኛል?» አለች፤ ሆድ ብሷታል።

«ሉብና፣ ምን አልሽኝ? ጨው አነሰው አለሽ?»

«አዎ።»

«ጨርሶት ደግሞ በዛበት አለሽ?»

«አዎ፣ አልኩዎት እኮ።» ከዚያ ቃሏ ቀስ አለ። «ሁለት ሳህን…» አለች እንደገና፣ አሁን ለራሷ እንደምትናገር ሰው።

«በይ እንግዲህ አልሐምዱሊላህ በይ፣ ልጄ» አልኳት።

አለች። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን እንደያዝን አለቀስን። ከኋላዋ ኡበይደላ ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ ካርዱን ጨረስሽው እያለ ይነዘንዛታል።